ጭፈራው 15 ደቂቃ፣ ድራማው 33፦ በቴሌቪዥን የውዝዋዜ ውድድር መሐል የሚገባው ነገር ምንድን ነው?

በደብረ ብርሃን ሻይ ቤቶች፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በአረርቲ መኖሪያ ቤቶች የውዝዋዜ ውድድር በቴሌቪዥን ሲታይ አንድ ቅሬታ ሳይነሳ አይቀርም፤ "ጭፈራው የታለ?" የሚል። ተወዳዳሪው ገና ትከሻውን አሙቆ ሳይጨርስ ከመድረክ ይወርዳል። ከዚያ ዳኞች ይጨቃጨቃሉ፣ እናት ታለቅሳለች፣ ማስታወቂያ ይገባል፣ ያለፈው ሳምንት ይደገማል፣ ሌላ ተወዳዳሪ ደግሞ ለሁለት ደቂቃ ብቅ ብሎ ይሄዳል። እዚያው ሶፋ ላይ የተቀመጠች ሌላ ተመልካች ግን የተወዳዳሪው ታሪክ ካልታየ ውድድሩ አይጥማትም። ሁለቱም የሚሉት ነገር አላቸው። በውዝዋዜዎች መሐል የሚገባው መሙያ ለምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚቀነባበርና የቱ ጉዳት እንዳለው ካልተለየ ግን ክርክሩ "ወደድኩት፣ ጠላሁት" ላይ ይቆማል።

በዚህ ጽሑፍ አቋም መሙያ መኖሩ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሁለት ነው፤ መሙያው ውዝዋዜውን ራሱን ሲቆርጥ፣ እና ድምፅ የሚሰጠውን ሰው ከጭፈራው ይልቅ በከንፈር መምጠጥ ሲመራው።

ሒሳቡ

አንድ ሰው ብቻውን ወይም ከጓደኛው ጋር የሚያቀርበው ውዝዋዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ነው። ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በእንግሊዝ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው "ስትሪክትሊ ካም ዳንሲንግ" እና እሱን ተከትሎ በአሜሪካ ኤቢሲ በ2005 ያቀረበው "ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ" ላይም የአንድ ጥንድ ዳንስ 90 ሰከንድ አካባቢ ነው።

አሥር ተወዳዳሪ ያለው፣ የ60 ደቂቃ የአየር ሰዓት የተሰጠው አንድ ዝግጅት እናስብ። አሥር ጊዜ 90 ሰከንድ 900 ሰከንድ ነው፤ ማለትም 15 ደቂቃ። 12 ደቂቃ ለማስታወቂያ ቢሄድ 33 ደቂቃ ያለ ጭፈራ መሞላት አለበት። ሦስት ዳኞች ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ 30 ሰከንድ ቢናገሩ 15 ደቂቃ ይሸፍናሉ። ከእያንዳንዱ ውዝዋዜ በፊት የ45 ሰከንድ ማስተዋወቂያ ቪዲዮ ቢገባ 7 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። የቀረው 10 ደቂቃ ተኩል በመግቢያ፣ በድምፅ መስጫ አጭር ቁጥሮች፣ በስፖንሰር፣ ባለፈው ሳምንት ቅንጭብና በውጤት መንገሪያ ያልቃል።

ታዲያ ለምን ጭፈራው አይጨመርም? አንዱ ምክንያት ጉልበት ነው። እስክስታ በሙሉ ፍጥነት ለሁለት ደቂቃ ከተጨፈረ በኋላ ትንፋሽ ያልቃል፣ ትከሻውም ከከበሮው መዘግየት ይጀምራል። ሌላው የልብስ ቅያሪ ነው። ቀሚስ፣ መቀነትና ጌጥ ቀይሮ፣ ፀጉር አስተካክሎ ለመመለስ 5 ደቂቃ ቢበቃ ነው፤ በቀጥታ ስርጭት ላይ ይህ ክፍተት በአንድ ነገር መሸፈን አለበት። ዋናው ምክንያት ግን ገንዘብ ነው። አዲስ የቡድን ውዝዋዜ ማለት የብዙ ቀን ልምምድ፣ ከበሮ መቺ፣ ዘፋኝ፣ አልባሳትና አሠልጣኝ ማለት ነው። ተወዳዳሪን ወንበር ላይ አስቀምጦ "ያኔ ምን ተሰማህ?" ብሎ ለመቅረጽ ግን አንድ ካሜራ፣ አንድ መብራትና አንድ ማይክ ይበቃል፤ ከሰዓት በኋላ የተቀረጸ ቃለ መጠይቅ ለብዙ ሳምንት ተቆራርጦ ያገለግላል። የአየር ሰዓት በደቂቃ በሚሸጥበት ሥራ ርካሹ ደቂቃ ውዱን ይገፋዋል።

የውጤት ምሽት የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው። የስትሪክትሊ የእሑድ የውጤት ዝግጅት የሚቀረጸው ቅዳሜ ማታ፣ የቀጥታ ስርጭቱ እንዳለቀ ነው። የሚነገረው አዲስ ነገር አንድ ስም ነው፤ ማን ተሰናበተ። እሱን ለመናገር ግን ሙሉ ዝግጅት ይሠራል።

እንዴት ይቀነባበራል?

"ድራማ ነው" የሚለው የተመልካች ቃል አንድ ዓይነት ነገር ብቻ የሚመለከት ይመስላል። በተግባር ግን ፈጽሞ ያልነበረን ነገር መፍጠር፣ የነበረን ነገር ማስደገምና በሌላ ሰዓት የሆነን ነገር ማዛወር ይለያያሉ።

በጣም የተለመደው ማስደገም ነው። ተወዳዳሪው ወደ ልምምድ አዳራሽ ሲገባ ካሜራው ከውጭ ይቀርጸዋል፤ ከዚያ ካሜራማኑ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደገና ያስገባዋል። ይህ ማንንም አይጎዳም። "ድንገተኛ ጉብኝት" ላይ ግን ተመልካቹ እውነት ነው ተብሎ የሚቀርብለት ስሜት ስላለ ነገሩ ይከብዳል። ከመንዝ የመጣች እናት ልጇን ሳታስበው አገኘችው ሲባል ሁለት ነገር ማየት ነው። አንደኛው ካሜራው የት እንዳለ ነው፤ በሩ ሲከፈት ካሜራው ከውስጥ እየጠበቀ ከሆነ ቢያንስ አንድ ወገን ያውቅ ነበር። ሁለተኛው ነጠላዋ ላይ የተሰካው ትንሽ ማይክ ነው፤ ሳታውቅ የመጣች ሰው ማይክ አታደርግም። ጭቅጭቅ ከሁለቱም ሰው ፊት በኩል በጥራት ተቀርጾ ከታየና ሌላው ካሜራ በየትኛውም ምስል ውስጥ ካልታየ ደግሞ፣ ንግግሩ ሁለቴ የተነገረ ሊሆን ይችላል። በግድግዳ ላይ ያለ ሰዓት፣ የመስኮት ጥላ፣ በብርጭቆ ውስጥ ያለ ውኃ ከፍታ፣ የነጠላ አጣጣል ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ከተለወጠ መሐል ላይ ጊዜ አልፏል።

ድምፅ ከምስል ይልቅ ያታልላል። ተወዳዳሪው "እሷን ማሸነፍ እፈልጋለሁ፣ ግን እህቴ ናት" ብሎ ከነበረ ሁለተኛውን ግማሽ መቁረጥ ቀላል ነው። ኤዲተሩ ስፌቱን የሚደብቀው የተናጋሪውን ፊት በማንሳት ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ሲደርስ ምስሉ ወደ እግር፣ ወደ ቡና ሲኒ ወይም ወደ ተራራ ይሄዳል። ስለዚህ ከባድ የሚመስል ቃል በተነገረ ቁጥር "አፉ ይታያል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ጥሩ ልማድ ነው። ከንግግሩ ጀርባ ያለ የነፋስ፣ የመኪና ወይም የዶሮ ድምፅ ድንገት ከተቋረጠም ሁለት ንግግር ተገጣጥሟል።

የዳኞችን መገረም በተመለከተ፣ አንድ ካሜራ ዳኞቹ ላይ ብቻ ተተክሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊቀርጽ ይችላል። ዳኛዋ አፏን በእጇ ይዛ የተገረመችበት ሦስት ሰከንድ በሌላ ተወዳዳሪ ጊዜ የሆነ ቢሆን እንኳ ወደዚህኛው ሊዛወር ይችላል። የሚያጋልጠው ጠረጴዛው ነው። የነጥብ ወረቀቱ፣ እስክሪብቶውና የውኃው ብርጭቆ ቦታ ከቀጣዩ ምስል ጋር ይመሳከር። ዳኛዋ እያጨበጨበች ከሆነ ደግሞ ጭብጨባዋ ከሚሰማው ምት ጋር መግጠሙ ይታይ። የታዳሚው ጭብጨባም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ቀረጻው ሳይጀመር አንድ አሟሟቂ ወጥቶ ያለማመደው ነው።

ዳኞች ሲጨቃጨቁ ቃል በቃል የተጻፈ ጽሑፍ መኖሩ የግድ አይደለም። ፕሮዲውሰሩ ጣዕማቸው የማይገጥም ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ ከቀረጻው በፊት "የተሰማህን ሳትፈራ ተናገር" ይላል፣ ለአቅራቢዋም በጆሮዋ "እሱ ምን ይላል?" ብለሽ ጠይቂ ይላታል። ንግግሩ የራሳቸው ነው፣ እሳቱን የለኮሰው ግን ሌላ ሰው ነው። ይህን ለመለየት የሚያገለግል አንድ አስተማማኝ መፈተኛ አለ፤ እንቅስቃሴ ተጠርቷል ወይ? "ሁለተኛው ዙር ላይ ትከሻህ ከከበሮው ዘገየ"፣ "አንገቷ ሲሄድ ደረቷ ቆመ" የሚል ዳኛ እየዳኘ ነው። "አንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ"፣ "እኔ በዚህ አልስማማም" እየተባባሉ ለሁለት ደቂቃ አንድም የሰውነት ክፍል ካልጠሩ፣ ያ ደቂቃ መሙያ ነው።

ልብ አንጠልጣዩ ዝምታ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። "ወደ ቀጣዩ ዙር ያለፈው…" ይባልና ስድስት ፊት እያንዳንዱ ለአራት ሰከንድ ይታያል፣ 24 ሰከንድ ያልፋል፣ ከዚያ ማስታወቂያ። ሁሉም ተመልካች ያውቀዋል፣ ሁሉም ያማርረዋል፣ ሁሉም ይጠብቃል።

ተመልካች በምን ይለያያል?

ጭፈራውን የሚያውቁ፣ በሠርግና በበዓል ያደጉበት ሰዎች ቅሬታቸው ብዙውን ጊዜ ስለ ድራማው ሳይሆን ስለ ካሜራው ነው፤ ይህም ከሁሉም የተሻለው ቅሬታ ነው። እስክስታ የሚነበበው ከወገብ በላይ ነው። ትከሻ፣ ደረትና አንገት በአንድ ምስል ውስጥ አብረው ካልታዩ ምቱ የት እንዳረፈ አይታወቅም። ካሜራው ወደ ፊት ቀርቦ ፈገግታውን ብቻ ሲያሳይ፣ በየሁለት ሰከንዱ ሲቀያየር ወይም በጭፈራው መሐል ወደምታለቅስ እህት ሲሄድ፣ ተመልካቹ የሚያጣው ሊዳኝበት የሚገባውን ነገር ነው። የመንዙ ጭፈራ ከምንጃሩ የሚለይበትን ለማየት ምስሉ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ሳይቆረጥ መቆየት አለበት።

ታሪክ የሚወዱ ተመልካቾች ደግሞ አሉ፤ ሊናቁም አይገባም። ስሙን የማያውቁትን ሰው ውጤት ማንም በጉጉት አይጠብቅም። ከየት መጣ፣ ማን አስተማረው፣ ለምን ይጨፍራል የሚለው 45 ሰከንድ ለእነሱ የውድድሩ መግቢያ በር ነው። የሚያስቀይማቸው ታሪኩ በየሳምንቱ ያው ሲሆንና አዲስ ነገር ሳይኖረው እንባ ብቻ ሲጨመርበት ነው።

ወጣቱ አብዛኛው ሙሉ ዝግጅቱን አያይም፤ በማግስቱ በዩቲዩብ ወይም በቲክቶክ የተቆረጠውን ጭፈራ ብቻ ይፈልጋል። ይህ የትዕግሥት ማጣት ብቻ አይደለም፣ የብርም ጉዳይ ነው። በመካከለኛ ጥራት የሚታይ ቪዲዮ በሰዓት በግምት 500 ሜጋባይት ይበላል። ከላይ ባየነው ምሳሌ ማስታወቂያው ወጥቶ የተጫነው 48 ደቂቃ 400 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ ጭፈራው 125 ብቻ ነው። የቀረውን 275 ሜጋባይት ተመልካቹ ከኪሱ ከፍሎ ድራማ ያየበታል። እየዘለሉ ማየትን ያመጣው ይህ ነው።

"የገጠር ልጅ" የሚባለው መሙያ

ከሰሜን ሸዋ ለሚነሳ ተመልካች ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበው ይህ ነው፤ ትክክልም ነው። አንድ ልጅ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ሲመጣ የማስተዋወቂያው ቪዲዮ ገና ሳይቀረጽ የታወቀ ነው። በርኖስ፣ ቢጫ ጀሪካን፣ በሬ፣ አንገት የደፋች እናት፣ ዝግ ያለ ዋሽንት። ልጁ ኪነት ቡድን ውስጥ ለዓመታት የሠለጠነ፣ ከበሮም የሚመታ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን አይነገርም፣ ምክንያቱም የሠለጠነ ሰው አያስለቅስም። ከዚያ በጓሳ ሣር ላይ ወይም በአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ እንዲጨፍር ይደረጋል። ምስሉ ያምራል፤ ሙዚቃው ግን ኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተለጠፈ ስለሆነ ትከሻው ከምቱ ጋር አይገጥምም። ጭፈራውን የማያውቅ ተመልካች ልጁ ምት የሚስት ይመስለዋል። ተወዳዳሪው መድረክ ላይ ሳይወጣ ዋጋው ወረደ ማለት ነው።

በዚያው 45 ሰከንድ ሌላ ነገር ማድረግ ይቻል ነበር። ልጁ ራሱ አንዱን እንቅስቃሴ በዝግታ ያሳይ፤ ከበሮው ብቻ ይመታ፤ "ይህ በእኛ ወረዳ እንዲህ ነው የሚጀመረው" ይበል። ወጪው እኩል ነው። ተመልካቹ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን 90 ሰከንድ በሌላ ዓይን ያየዋል፣ ዳኛው ያለውንም መመዘን ይችላል።

ድምፁን የሚያዛባው የቱ ነው?

ማስተዋወቂያው ከጭፈራው በፊት፣ የድምፅ መስጫ ቁጥሩ ከጭፈራው በኋላ ስለሚመጣ፣ አንጀት የሚበላው ታሪክ በቀጥታ ወደ ኤስኤምኤስ ይለወጣል። ምን ያህል ያዛባል የሚለው በድምር ዘዴው ይወሰናል።

አራት ተወዳዳሪዎች አሉ እንበል፤ ዳኛና ሕዝብ እኩል ይቆጠራሉ። ከዳኞች ጠቅላላ ነጥብ ሀ 30 በመቶ፣ ለ 20፣ ሐ 27፣ መ 23 አገኙ። ለ ግን ጠንካራ ታሪክ ነበረውና ከሕዝብ ድምፅ 40 በመቶ ወሰደ፤ ሀ 20፣ ሐ 22፣ መ 18። በመቶኛ ሲደመር ለ 60፣ ሀ 50፣ ሐ 49፣ መ 41 ይሆናሉ። በዳኞች መጨረሻ የወጣው አንደኛ ሆነ። አሁን በመቶኛው ፈንታ ደረጃ እንቁጠር፤ አንደኛ የወጣ 4፣ መጨረሻ የወጣ 1 ይያዝለት። ሀ ከዳኞች 4 ከሕዝብ 2፣ ድምር 6። ሐ 3 እና 3፣ ድምር 6። ለ 1 እና 4፣ ድምር 5። መ 2 እና 1፣ ድምር 3። ያው ድምፅ፣ ያው ዳኛ፣ ግን ለ ሦስተኛ ነው። በደረጃ ዘዴ ሕዝብ በአንድ ድምፅ ብልጫም ይምረጠው በአሥር ሺህ፣ አንደኛ የሚያገኘው አንድ ዓይነት ነጥብ ስለሆነ የድራማው ጉልበት ይገደባል። ስትሪክትሊ የሚጠቀመው እንዲህ ያለውን የደረጃ ድምር ነው። ስለዚህ "ውድድሩ ተጭበረበረ" ከማለት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ድምሩ በመቶኛ ነው ወይስ በደረጃ የሚለው ነው። እኩል የወጡትን ማን እንደሚለይም ደንቡ አስቀድሞ ሊናገር ይገባል።

መሙያን ማቀነባበርና ውጤትን ማቀነባበር አንድ አይደሉም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጥያቄና መልስ ውድድሮች ላይ መልሱ ለአንዳንድ ተወዳዳሪዎች አስቀድሞ ይሰጥ ነበር፤ ቻርልስ ቫን ዶረን የተባለው ታዋቂ አሸናፊ በ1959 ይህንኑ በኮንግረስ ፊት አመነ፣ በ1960 የእውቀትና የዕድል ውድድሮችን ማጭበርበር በሕግ ተከለከለ። በእንግሊዝ ደግሞ ተመልካቾች ከፍለው የደወሉት ጥሪ በአግባቡ ሳይቆጠር በመቅረቱ የብሮድካስት ተቆጣጣሪው ኦፍኮም እ.ኤ.አ. በ2008 አይቲቪ የተባለውን የቴሌቪዥን ጣቢያ 5.675 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥቷል። የተቀጣው የተመልካች ድምፅና ገንዘብ የተነካበት ነው፤ የተደገመ የበር መግቢያ ወይም የተዘረጋ ዝምታ አይደለም። እዚህም ቅሬታ ሲቀርብ ይህን መለየት ይጠቅማል።

ቅሬታና ሥራ

"ድራማ በዛ" የሚል መልእክት ለጣቢያው ምንም አይነግረውም። ስልክ ላይ ባለው የሰዓት መቁጠሪያ ሦስት ነገር መለካት ይቻላል። መጀመሪያ ከመጀመሪያው የከበሮ ምት እስከ መጨረሻው ያለው የእያንዳንዱ ውዝዋዜ ርዝመት። ቀጥሎ በዚያ ውስጥ ካሜራው ከተወዛዋዡ ላይ የተነሳበት ሰከንድ፤ ከ90 ሰከንድ ውስጥ 20ው ወደ ዳኞችና ወደ ታዳሚ ከሄደ ከአምስት እጅ አንዱ በላይ ጠፍቷል ማለት ነው። በመጨረሻ ማስታወቂያን ሳይጨምር የቀረው ሁሉ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ጣቢያው ያለ ተጨማሪ ወጪ በሚቀጥለው ሳምንት ሊያስተካክለው የሚችለውም እሱን ነው።

ጉዳዩ የድምፅ አቆጣጠር ወይም የተከፈለበት ኤስኤምኤስ ከሆነ ግን የዝግጅቱ ስም፣ ቀንና ሰዓት፣ መልእክቱ የተላከበት ስልክና አጭር ቁጥር፣ የመጣው የመልስ መልእክት ቅጂ ተያይዞ መጀመሪያ ለጣቢያው በጽሑፍ ይቅረብ። አጥጋቢ መልስ ከጠፋ ወደ ኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን መሄድ ይቻላል፤ ዘርፉ አሁን የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው። መልእክቶቹን ከስልክ አለማጥፋት ያስፈልጋል።

በትምህርት ቤት፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም በወረዳ የባህል በዓል ላይ ውድድር አዘጋጅተው በስልክ ቀርጸው የሚጭኑ ቡድኖችም የትልልቆቹን ጣቢያዎች ዝምታና ጭቅጭቅ መቅዳት ጀምረዋል። ባይቀዱት ይሻላል። ሁለት ስልክ ካለ አንዱ በቋሚ እግር ላይ ሆኖ መላውን መድረክ ሳይንቀሳቀስ ይቅረጽ፤ ሁለተኛው ከወገብ በላይ ይያዝ። ጭፈራው እስኪያልቅ ወደ ታዳሚ አይዙር። ዳኛ ቢያንስ አንድ እንቅስቃሴ ሳይጠራ ነጥብ አይስጥ። የልብስ ቅያሪው 5 ደቂቃ ካስፈለገው ሁለቱን ደቂቃ ከበሮ መቺው የቀጣዩን ጭፈራ ምት ከዝግታ ወደ ፍጥነት እየመታ ያሰማበት፣ ሁለቱን ጭፈራውን የሚያውቁ አባት ወይም እናት በየትኛው በዓል እንደሚጨፈርና ማን እንደሚጀምረው ይናገሩበት፤ የቀረችው አንድ ደቂቃ ለሚቀጥለው ተወዳዳሪ ስም፣ ለመጣበት ወረዳና ላስተማረው ሰው ትበቃለች።